ማን ይሰለፍ? ማንስ ይቀመጥ?

(ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስፖርት ውድድርና ስለ ተወዳዳሪነት ደንብ በራዲዮ የተነገረ ንግግር)

ክቡራን አድማጮቼ፤

ዛሬ ላነጋግራችሁ የተነሣሁበት ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን የልጆቻችንን ዕድል፣ የመምህራንን ሕሊና፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችንም ብዕር የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች መካከል በሚደረግ የስፖርት ውድድር ለመሰለፍ አንድ ተማሪ ምን ምን ማሟላት ይገባዋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

አንድ አባት የሳምንቱን ሥራ ፈጽሞ፣ ልጁ ሲጫወት ለማየት ወደ ሜዳ ሄደ እንበል። ቡድኑ ሲገባ ልጁን ቢፈልግ አጣው። ኋላ ሲያጣራ ልጁ ጤነኛ ሆኖ፣ ልብሱንም ለብሶ፣ ከተቀያሪዎች አጠገብ ተቀምጧል። ምን አጠፋ? ብሎ ቢጠይቅ፣ በሒሳብ ትምህርት ከማለፊያው በታች ስላመጣ ለጊዜው እንዳይሰለፍ ተከልክሏል አሉት። ያ አባት ደስ ይበለው ወይስ ይቆጣ? አሠልጣኙን ያመስግን ወይስ ይክሰስ? እኔ መልሱን ከመስጠቴ በፊት፣ ይህን ጥያቄ በሕግ ደረጃ አንሥቶ፣ ተከራክሮበት፣ በፍርድ ቤትም ተሟግቶበት ወደ ደረሰ አንድ አገር ልውሰዳችሁ። የማወሳችሁ ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አገሩ በአሜሪካ የሚገኘው የቴክሳስ ግዛት ነው። ቴክሳስን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር የተማሪዎች የአሜሪካ እግር ኳስ እንደ ተራ ጨዋታ አይቈጠርም። በመከር ወራት ዓርብ ማታ የትንሽ ከተማ ሕዝብ ሱቁን ዘግቶ ወደ ተማሪ ቤቱ ሜዳ ይጎርፋል። እንግዲህ ደንብ ጽኑ መሆኑ የሚታወቀው ፈተናው በሚበረታበት ቦታ ነውና ምሳሌነቱ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ በዳላስና በሂውስተን ከተሞች አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለሚኖሩ፣ ነገሩ የእኛንም ልጆች የሚመለከት ነው።

በቴክሳስ የተማሪ ቤቶችን ውድድር የሚመራው ዩኒቨርሲቲ ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ የተባለ ማኅበር ነው። መነሻው በ1910 ዓ. ም. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የተማሪዎች የክርክር ውድድር ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ሩጫውንም፣ ኳሱንም፣ ሙዚቃውንም በሥሩ አጠቃለለ። በንግግር ክርክር የተጀመረ ማኅበር በኋላ የኳስ ዳኛ ለመሆን መብቃቱ፣ ጨዋታ የትምህርት ልጅ እንጂ የትምህርት ጌታ አለመሆኑን እንደሚያስታውስ ምልክት አድርጌ እመለከተዋለሁ።

አሁን ደንቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ ተወዳዳሪው በውነት ተማሪ መሆን አለበት። በመሠረቱ ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ሙሉ ቀን እየተማረ፣ በክፍል የሚገኝ መሆን ይገባዋል። ለጨዋታ ቀን ብቻ ተጠርቶ መለያ የሚለብስ ጎረምሳ ተማሪ አይባልም።

ሁለተኛው የዕድሜ ደንብ ነው። ተወዳዳሪው በትምህርት ዘመኑ እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን ድረስ 19 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን ነው። ስለዚህ ነሐሴ 25 ቀን 19 ዓመት የሚሞላው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲቀመጥ፣ ነሐሴ 27 ቀን የሚሞላው ጓደኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ይጫወታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ይህ እንዴት ፍትሕ ይባላል? የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ድንበር የሌለው ደንብ ደንብ አይደለም፤ መስመሩ በየትም ቢሰመር፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚቆም ሰው አይታጣም። የደንቡ ዓላማ የ14 ዓመት ልጅ ካደገ ሰው ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ እንዳይሰበርና ዕድሜ ያለው የታናሹን ቦታ እንዳይነጥቅ ነው።

ሦስተኛው የዓመታት ደንብ ነው። አንድ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ መወዳደር የሚችለው ለአራት ዓመት ነው። ይህ ባይኖር ኖሮ፣ ጎበዝ ተጫዋች የሆነውን ልጅ ሆን ብሎ ክፍል እያስደገሙ ለቡድን ማቆየት ይቻል ነበር። በሕመም ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ሌላ ምክንያት ጊዜው የባከነበት ልጅ ግን ልዩ ፈቃድ እንዲሰጠው ማመልከት ይችላል።

አራተኛው የመኖሪያና የዝውውር ደንብ ነው። ተማሪው ወደ አዲስ ተማሪ ቤት በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በዋናው ቡድን ለመሰለፍ ከወላጆቹ ጋር በዚያው ተማሪ ቤት ክልል የሚኖር መሆን አለበት። ስለ ኳስ ብቻ ሲል ተማሪ ቤት የለወጠ ሆኖ ከተገኘም ይከለከላል። አስቀድሞ በሌላ ተማሪ ቤት ይጫወት የነበረ ከሆነ፣ አዲሱ ተማሪ ቤት የሚሞላው ቅጽ አለ፤ ክርክር ሲነሣም ከዚያው ወረዳ ተማሪ ቤቶች ሹማምንት የተውጣጣ ጉባኤ አይቶ ይወስናል። ይህ ደንብ የተማሪ ቤት ኃላፊዎች በልጆች እንዳይነግዱ የተጣለ ልጓም ነው።

አምስተኛው የአማተርነት ደንብ ነው፤ ተማሪው ለተማሪ ቤቱ ተሰልፎ በመጫወቱ ገንዘብ ወይም ዋጋ ያለው ነገር እንዳይቀበል ይጠበቃል። ስድስተኛው የጤና ምርመራ ነው። ልቡ፣ ሳንባው፣ አጥንቱ ለውድድር የሚበቃ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ምስክርና የወላጅ ፈቃድ ሳያቀርብ ማንም ወደ ልምምድ አይገባም። ከደንቦቹ ሁሉ ይህኛውን የሚነቅፍ ሰው አላጋጠመኝም።

አሠልጣኝ እነዚህን ጥሶ ያልተፈቀደለትን ልጅ ቢያሰልፍስ ምን ይሆናል? ቢያንስ ያ ጨዋታ ከቡድኑ ይነጠቃል። አሸንፎ ቢሆንም እንደ ተሸነፈ ይቈጠራል። የአንድ ልጅ ወረቀት ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ በቅንነት የለፉት ጓደኞቹ ሁሉ አብረው ዋጋ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረው ግን እስካሁን ያልጠቀስሁት ሰባተኛው ደንብ ነው። እርሱም የትምህርት ውጤት ደንብ ሲሆን፣ በአጭሩ «ካላለፍህ አትጫወትም» ይባላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የቴክሳስ ገዥ የነበሩት ማርክ ዋይት የግዛታቸው ትምህርት መድከሙ ስላሳሰባቸው፣ ሮስ ፔሮ የተባሉትን ባለጸጋ ነጋዴ የአንድ አጥኚ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙ። ኮሚቴው ባቀረበው አሳብ መነሻነት የግዛቱ ምክር ቤት በ1984 ዓ. ም. ሰፊ የትምህርት ሕግ አወጣ። ሕጉ የመምህራንን ደመወዝ ከፍ አደረገ፤ በታችኛው ክፍል የአንድ ክፍል ተማሪዎች ቍጥር ከ22 እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ከዚህም ጋር ከ100 ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ፣ በአንድ ትምህርት እንኳ ቢሆን፣ ለሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ከማንኛውም ውድድር ይታገድ ብሎ ደነገገ።

ሕጉ ኳስ ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን፣ ቀንደ መለከት የሚነፋውንም፣ በክርክር የሚወዳደረውንም ያጠቃልል ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ የአንድ ኳስ ዘመን አብዛኛው ክፍል ስለሚያልፍ፣ ጩኸቱ ከየከተማው ተነሣ። አሠልጣኞች አጉረመረሙ፤ ወላጆች ክስ መሠረቱ። ነገሩ እስከ ቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1985 ዓ. ም. ውሳኔ ተሰጠበት። ፍርድ ቤቱም፣ ከትምህርት ውጭ በሆነ ውድድር መሳተፍ መሠረታዊ መብት አይደለም፤ መንግሥት የትምህርትን ጥራት ለመጠበቅ ካለው ዓላማ ጋር ደንቡ አግባብ ያለው ግንኙነት አለው፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም ሲል ፈረደ። በዓመቱ፣ በ1986 ዓ. ም. በተደረገው ምርጫ ገዥው ማርክ ዋይት ተሸነፉ። ለመሸነፋቸው የነዳጅ ዘይት ዋጋ መውደቅንና ግብርን የመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ይህ ደንብ ያስከፋቸው ሰዎች ድምፅም እንደ ነበረበት ይነገራል። ሆኖም ሰውዬው ከሥልጣን ወረዱ እንጂ ደንቡ አልወረደም።

አልወረደም እንጂ ታርሟል። በ1995 ዓ. ም. የእገዳው ጊዜ ከስድስት ሳምንት ወደ ሦስት ሳምንት ዝቅ አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ማርክ እንደ ገና ይታያል፤ በሁሉም ትምህርት ማለፊያ ካገኘ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ውድድር ይመለሳል። በታገደበትም ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር መለማመድ አልተከለከለም። ከባድ የሆኑ ከፍተኛ ትምህርቶችን የመረጡ ተማሪዎች በእነዚያ ትምህርቶች ልዩ አስተያየት ይደረግላቸዋል፤ ይህም ልጆች ስለ ኳስ ሲሉ ቀላል ቀላሉን ትምህርት ብቻ እንዳይመርጡ ነው። የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውም ለእያንዳንዳቸው በወጣው የትምህርት ዕቅድ ይመዘናሉ።

ሌላው ግዛት ሌላ መንገድ ይዟል። በካሊፎርኒያ የሚታየው አንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የትምህርቶቹ ሁሉ አማካይ ነው፤ ይኸውም ከ4 ነጥብ 2 ነጥብ ማግኘት ግድ ነው። በዚህ አሠራር በአንድ ትምህርት የደከመ ልጅ በሌላው ሊክሰው ይችላል። የቴክሳሱ ጥብቅ ነው፤ የካሊፎርኒያው ለዘብ ያለ ነው። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ መለያ ለባሹ አስቀድሞ ደብተር ያዥ ይሁን ይላሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ደንቡን የሚቃወሙ ሰዎች ከባድ ነገር ይናገራሉ። በቤቱ ችግር ያለበት፣ በክፍልም የማይሆንለት ልጅ አለ፤ ይህን ልጅ ከተማሪ ቤት ጋር አሥሮ የያዘው አንድ ገመድ ኳሱ ብቻ ነው፤ ገመዱን ከበጠሳችሁት ልጁ ጨርሶ ይጠፋል ይላሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። እኔም በበኩሌ ለረጅም ጊዜ ይህን አሳብ የምደግፍ ነበርሁ።

አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የተማሪ ቤት ጓደኛዬ ነው። ስሙንም፣ የተማርንበትንም ተማሪ ቤት አልጠራም። ይህ ጓደኛዬ በኳስ ወደር አልነበረውም። እርሱ በተሰለፈበት ቀን ከቦታው የሚቀር መምህር አልነበረም። የፈተና ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ግን፣ አንዱ መምህር ለኳሱ ሲል፣ ሌላው ለይሉኝታ ሲል፣ ማርክ ይጨምርለት ነበር። እኛም ጓደኞቹ ደግ ነገር የተደረገለት መስሎን ደስ ይለን ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ግን ማርክ የሚጨምር ወዳጅ አልተገኘም። ፈተናውን ወደቀ። በተከታዩ ዓመት ጉልበቱ ተጐዳና ኳሱም ቀረ። ከሁለት ያጣ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስንገናኝ፣ በእነዚያ መምህራን ላይ ቂም እንደሌለው ነገረኝ፤ ነገር ግን በዘጠነኛ ክፍል ሳለ አንድ ሰው ጨክኖ ለሁለት ጨዋታ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ ደብተሩን ይከፍት እንደ ነበር አጫወተኝ። ይህን ሲናገር አልተቆጣም፤ እኔን የከበደኝም አለመቆጣቱ ነው።

እንግዲህ ያ ጓደኛዬ ገመዱ አልተበጠሰበትም፤ ገመዱ ግን የተያያዘው ከሜዳው ጋር እንጂ ከትምህርቱ ጋር አልነበረም። ስለዚህ እኔ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው። ልጅን ከጨዋታ ፈጽሞ ማባረር ስሕተት ነው፤ ሳያልፍ ያለፈ አስመስሎ ማጫወትም ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ፣ ቴክሳሶች ከአሥር ዓመት ያህል ክርክር በኋላ እንደ ደረሱበት፣ እገዳውን አጭር፣ የመመለሻውን በር ክፍት፣ ልምምዱንም ያልተቋረጠ ማድረግ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ። የታገደው ልጅ የደከመበትን ትምህርት የሚያስረዳው ሰው ይመደብለት፤ ደንቡም በተቀያሪው ላይ ብቻ ሳይሆን በግብ አግቢው ላይ እኩል ይሥራ። ለኮከቡ የሚታጠፍ ደንብ ለሌሎቹ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር አድልዎን ብቻ ነው።

አሁን ከንግግሬ የመጨረሻው ክፍል ደረስሁ፤ ይህም እናንተን በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉትን አድማጮቼን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ከላይ የዘረዘርኋቸው ደንቦች ሁሉ የቆሙት በወረቀት ላይ ነው። የዕድሜው ደንብ የሚሠራው የልደት ቀኑ በትክክል ሲጻፍ ነው። በዚህ በኩል እኛ ኢትዮጵያውያን ሁለት ችግር አለብን፤ አንዱ የስሕተት፣ ሌላው የኃጢአት ነው።

የስሕተቱ ችግር ከዘመን አቆጣጠራችን ይመጣል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2000 ዓ. ም. በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ልጅ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልደቱ ዲሴምበር 30 ቀን 2007 ነው። አንድ ጸሐፊ ወይም አንድ ወላጅ ይህን ሳይለውጥ ዲሴምበር 20 ቀን 2000 ብሎ ቢጽፍ፣ ልጁ በአንድ ብዕር ጭረት ሰባት ዓመት ያረጃል። ይህ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ወደ ዳላስ ሄዶ በ15 ዓመቱ ለተማሪ ቤቱ ቡድን ቢመዘገብ፣ ወረቀቱ የ22 ዓመት ሰው ነው ይለዋል። ከክፍል ባያስወጡት እንኳ ከሜዳው ይቀራል፤ ወረቀቱን ለማስተካከልም የሚሄደው ጊዜ ከውድድር ዘመኑ ይበልጣል። የተወለዱበት ቀን በውል ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ቀን ተብሎ የተጻፈላቸው ስደተኞችም ብዙዎች ናቸው።

የኃጢአቱ ችግር ግን ዕድሜን አውቆ መቀነስ ነው። ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 ዓ. ም. ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤም አር አይ መሣሪያ እስከ ማስመርመር የደረሰው ወረቀት ስላልታመነ ነው። ሰው በገዛ ወረቀቱ ሳይታመን ቀርቶ በአጥንቱ መመስከር ሲጀምር፣ ያሳፈረው ወረቀቱን የጻፈውን እጅ ነው።

አገራችን በበኩሏ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2004 ዓ. ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 760ን አውጥታ፣ በዚያው አቆጣጠር በ2008 ዓ. ም. መጨረሻ ልደትን በመዝገብ ማስፈር ጀምራለች። አዋጁ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አይጽፍም። የሚጽፈው በጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን አንድ ዘመድ ወይም አንድ የቀድሞ ባልንጀራ ወደዚያ ጠረጴዛ ይመጣና፣ ልጄ ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ሁለት ዓመት ብቻ ብትቀንስለት ማን ይጐዳል? ይላል። ይህ ጥያቄ እጅግ የሚከብደው በጉቦ ሲመጣ ሳይሆን በይሉኝታ ሲመጣ ነው። መልሱ ግን አለ። የሚጐዳው በትክክለኛ ዕድሜው የቀረበውና ቦታውን የተነጠቀው ሌላ ልጅ ነው፤ እርሱም የሚለምንለት ዘመድ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ የለውም። የእርሱ ዘመድ ያ ሠራተኛ መሆን አለበት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ ስንት ግብ አገባህ? ከማለታችሁ በፊት፣ በክፍል ምን ውለሃል? ብላችሁ ጠይቁት። ማርኩ ሲያዘቀዝቅ የዓመቱን መጨረሻ አትጠብቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። መምህራንም ሆይ፤ ያላገኘውን ማርክ የሰጣችሁት ልጅ ኋላ እንዳያመሰግናችሁ እወቁ። መዝገብ የምትይዙም ሰዎች፤ የምትጽፉት ቀን የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስንቅ መሆኑን አትርሱ።

በመጀመሪያ ወደ አነሣሁት አባት ልመለስ። ልጁ ከተቀያሪዎች አጠገብ ተቀምጦ ባየው ጊዜ ቢከፋው አልፈርድበትም፤ አባት ነውና። ነገር ግን ወደ ቤት ሲመለሱ አሠልጣኙን ከመውቀስ ይልቅ የሒሳቡን ደብተር አብሮት ቢከፍት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁን በሜዳው ያየዋል። ያን ቀን የሚሰለፈው ልጅ በሁለት በኩል ያሸነፈ ይሆናል።